ባሕር የሌላት አገር የባሕሩን ዋንጫ እንዴት ወሰደች?

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1866 ፓሪስ ላይ የታየ አንድ የኦፈንባክ አስቂኝ ኦፔራ ራሱን «የስዊዝ አድሚራል» አስመስሎ የሚቀርብ ገጸ ባሕርይ ነበረው። ቀልዱ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በተራራ የታጠረች፣ አንድ ስንዝር የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር ምን የባሕር ኃይል አዛዥ ይኖራታል?

ማርች 2 ቀን 2003 ግን «አሊንጊ» የተባለችው የስዊዘርላንድ ባለሸራ ጀልባ ኦክላንድ ላይ ኒውዚላንድን 5 ለ 0 ረትታ የአሜሪካን ዋንጫ ወሰደች። ይህ ከ1851 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በሸራ ጀልባ ውድድር ውስጥ ከሁሉ የሚልቅ ክብር ያለው ዋንጫ ነው። ብሪታንያ ያንን ሁሉ የባሕር ታሪክ ይዛ ደጋግማ ሞክራ አላገኘችውም። ወደ አውሮፓ ያሻገረችው ባሕር የሌላት ስዊዘርላንድ ሆነች፤ ያውም በአሊንጊ ቡድን የመጀመሪያ ሙከራ።

እንዴት?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። የቡድኑ ባለቤት ኤርኔስቶ ቤርታሬሊ በመድኃኒት ኢንዱስትሪ የበለጸገ ቢሊየነር ነው። ኒውዚላንድን በ1995 እና በ2000 ለድል ያበቃውን ራስል ኩትስን ከነባልደረቦቹ ቀጠረ። ብዙ ኒውዚላንዳውያን ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ዋንጫውን ሲያሳድዱ የከሰሩት ሌሎች ባለጸጎችም በወሰዱት ነበር። የቀረውን መልስ ለማግኘት ወደ ሐይቁ መሄድ ያስፈልጋል።

የጄኔቫ ሐይቅ፣ የአገሬው ሰው «ሌማን» የሚለው፣ ከባሕር ወለል 372 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ፣ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውሃ ነው። ጥልቀቱ እስከ 310 ሜትር ይደርሳል። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ይጋሩታል። ዛሬ የመዝናኛ ስፍራ ቢመስልም ለዘመናት የጭነት መንገድ ነበር። ባለሦስት ማዕዘን ሸራ የወጠሩ ከባድ ጀልባዎች በደቡቡ ዳርቻ ካለው የሜይሪ ካባ ድንጋይ እየጫኑ ወደ ጄኔቫ ያጓጉዙ ነበር። ከተማዪቱ የተገነባችው በከፊል በዚያ ድንጋይ ነው።

በ1823 «ጊዮም ቴል» የተባለችው የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈች። ባቡር በዳርቻው ተዘረጋ። በኋላ የጭነት መኪና መጣ። ሸራ ከሥራ ውጭ ሆነ።

ብዙ ቦታ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥራው ሲጠፋ ሙያውም አብሮ ይቀበራል። ሌማን ላይ ግን ጭነቱ ሲቀር እውቀቱ ወደ ውድድር ተሻገረ። በ1872 የጄኔቫ የጀልባ ማኅበር ተቋቋመ። በ1939 «ቦል ዶር» የተባለው ውድድር ተጀመረ። ጀልባዎቹ ከጄኔቫ ተነስተው የሐይቁን ሌላኛ ጫፍ ዞረው ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ 123 ኪሎ ሜትር ነው።

ሐይቁ አስቸጋሪ አስተማሪ ነው። ነፋሱ ከየሸለቆው በየተራ ይመጣል። ለሰዓታት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ድንገት ማዕበል ይነሳል። በትንሽ ነፋስ ለመሄድ ጀልባው እጅግ ቀላል መሆን አለበት። ስለዚህ የሐይቁ ሰዎች ካታማራንን፣ ማለትም ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን የተጣመሩ የሚመስለውን ዓይነት፣ አብዝተው ሠሩ። በካርቦን ፋይበር የተካኑ አውደ ጥናቶች በዳርቻው ተከፈቱ። በ2003 ያሸነፈችው ጀልባ የተሠራችው በዚሁ አካባቢ ሲሆን የሎዛን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ አማካሪዋ ነበር። መርከበኛው ከውጭ ተቀጠረ፤ ጀልባ የሚሠራው እጅ ግን አገር ውስጥ ነበር።

ነገር ግን ሐይቅ ባሕር አይሆንም። የዋንጫው ደንብ ውድድሩ በባሕር ላይ እንዲካሄድ ያዝዛል። ባለድሉ አስተናጋጅ ነውና ስዊዘርላንድ የሌላ አገር ወደብ መፈለግ ነበረባት። ቫሌንሲያ፣ ሊዝበን፣ ማርሴይና ናፖሊ ተፎካክረው ቫሌንሲያ ተመረጠች። በ2007 አሊንጊ እዚያ ኒውዚላንድን ዳግመኛ 5 ለ 2 አሸነፈች። በዓሉ የስዊዞች ቢሆንም የታደሰው ወደብ የስፔን ነው።

በ2009 ደግሞ ሐይቁ ዳር የተሠራችው ግዙፏ ካታማራን ወደ ባሕር የምትሄድበት የውሃ መንገድ አልነበራትም። ሩሲያ ሠራሽ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ አልፕስን አሻግሮ ጄኖዋ አደረሳት። በዓመቱ በአሜሪካኖቹ 2 ለ 0 ተሸንፋ ዋንጫው ከእጇ ወጣ።

ይህ ታሪክ ከ1993 ወዲህ ባሕር በር አጥታ ለቆየችው ኢትዮጵያም ይነገራል። የባሕር በር ጥያቄ ከንቱ አለመሆኑን ያቺ በሄሊኮፕተር የተንጠለጠለች ጀልባ ትመሰክራለች፤ ሀብታሟ ስዊዘርላንድ እንኳ የሰው ወደብ ለመለመን ተገድዳለች። ሌላው ግማሽ ግን ብዙም አይነሳም። ጣና በስፋቱ ሌማንን አምስት ጊዜ ያህል ያጥፋል፤ አባያና ጫሞም አሉ። በእነዚህ ውሃዎች ላይ ስንት ጀልባ ሠሪ፣ ስንት መርከበኛ እየሠለጠነ ነው? ወደብ በድርድር ይገኝ ይሆናል። በወደቡ የሚሠራው ሰው ግን ድርድሩ እስኪያልቅ የሚጠበቅ አይደለም፤ ያለው ውሃ ላይ ቀድሞ መሠልጠን አለበት።