ከብስክሌት ጀርባ እስከ ቴሌቪዥን፦ የ«ወርቃማው የሌሊት ወፍ» የኅትመት ታሪክ

የሥነጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከታተመው ቅጂ ነው። ቅጂው የወጣበት ዓመት፣ ደራሲውና አሳታሚው ከታወቁ የሥራው ልደት እንደታወቀ ይቆጠራል። ይህ አካሄድ ለልቦለድ መጻሕፍት እምብዛም አያስቸግርም፤ ሳይታተም በሕዝብ መካከል ለኖረ ፈጠራ ግን ጐዶሎ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጐዶሎነት በአንድ የጃፓን ጀግና ገጸባሕርይ ታሪክ ማሳየት ነው። ገጸባሕርዩ በጃፓንኛ «ኦጎን ባቶ» ይባላል፤ «ወርቃማው የሌሊት ወፍ» ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከሰው በላይ ኃይል ያለው የሥዕላዊ ታሪክ ጀግና ሲነሣ የአብዛኛው አንባቢ ሐሳብ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን ደግሞ በ1939 ለኅትመት በቅተዋል፤ የዘርፉም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚሁ ከ1938 ነው። ወርቃማው የሌሊት ወፍ ግን ከሁለቱም ቀድሞ በ1930ዎቹ መባቻ ላይ በቶኪዮ ጎዳናዎች ይታይ ነበር። ፊቱ የራስ ቅል ነው፤ ካባ ይደርባል፤ በአየር ይበራል፤ ጉልበቱ ከሰው በላይ ነው። መነሻውም ሰጠመች ከምትባለው ከጥንታዊቷ አትላንቲስ ነው። ታዲያ ስለምን ተዘነጋ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የተፈጠረበትን የኪነጥበብ ዘርፍ መመርመር ያስፈልጋል።

ዘርፉ «ካሚሺባይ» ይባላል፤ የወረቀት ቴአትር እንደማለት ነው። ከዋኙ በብስክሌት ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። ሁለት እንጨቶችን እያጋጨ ልጆችን ይጠራል፤ ከረሜላ ይሸጥላቸዋል። ከዚያም በብስክሌቱ ጀርባ ላይ በተጫነች ትንሽ የእንጨት መድረክ ውስጥ በእጅ የተሳሉ ሥዕሎችን አንድ በአንድ እየሳበ ታሪኩን በቃሉ ይተርካል። የመግቢያው ዋጋ የከረሜላው ዋጋ ነበር። ታሪኩም ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ይቋረጥና ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በጊዜው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙ ሰዎችን ከሥራ አፈናቅሎ ስለነበር ከከዋኞቹ መካከል ሥራ ያጡ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም።

ለርእሰ ጉዳያችን ዋናው ነጥብ የሥዕሎቹ አሠራጭ ነው። ሥዕሎቹ በእጅ ተስለው አከራዮች ለከዋኞች በኪራይ ይሰጧቸዋል። አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይተላለፋሉ። ስለዚህ አንድ የታሪክ ክፍል በአብዛኛው የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እሱ ሲቀደድ ወይም ሲቃጠል ሥራው አብሮት ይጠፋል።

ወርቃማው የሌሊት ወፍ የተወለደው በዚህ ገበያ ውስጥ ነው። ከእርሱ በፊት «ጥቁሩ የሌሊት ወፍ» የተባለ ክፉ ገጸባሕርይ ያለበት ተከታታይ ታሪክ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ክፉውን የሚያሸንፍ ሌላ ኃይል አስፈለገና ወርቃማው ብቅ አለ። ተደራስያን በመጤው ስለተማረኩ የራሱ ታሪክ ተጀመረለት። ድርሰቱ የሱዙኪ ኢቺሮ፣ ሥዕሉ ደግሞ በወቅቱ ገና ወጣት የነበረው የናጋማትሱ ታኬኦ ነው። በኋላም ካታ ኮጂ የሚባል ሠዓሊ ሥዕሉን ተረክቦ ቀጥሎበታል። ቃሉን እንደ ሰፈሩና እንደ ልጆቹ ሁኔታ የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው ግን ከዋኙ ነበር። እንግዲህ ደራሲው ማን ነው? ሥነቃልን ያጠና ተማሪ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶኪዮ በአየር ድብደባ ስትቃጠል በርካታ የካሚሺባይ ሥዕሎች ወድመዋል። ከ1945 በኋላም የአሜሪካ ወራሪ ጦር አስተዳደር ካሚሺባይን በሳንሱር ይቈጣጠር ነበር። ናጋማትሱ ጀግናውን በ1947 በመጽሐፍ መልክ፣ ሥዕልና ትረካ ጐን ለጐን በሚሄዱበት አቀራረብ ያሳተመው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎም ታሪኩ በልጆች መጽሔት ላይ ወጣ። ኅትመቱ ገጸባሕርዩን ከመጥፋት አድኖታል፤ ነገር ግን የከዋኙን ድምፅ አስቀርቷል። ከዚህም የከፋ አንድ ስሕተት እንዲፈጠር በር ከፍቷል። የታተመውን ብቻ የሚቈጥር መዝጋቢ ወርቃማውን በ1947 እንደተወለደ ያሰፍረዋል። እንዲህ ከሆነ የሱፐርማን ታናሽ፣ ምናልባትም ኮራጅ ይመስላል። እውነቱ ግን ታላቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ገጸባሕርዩ ወደ ፊልም ተሻገረ። በ1950 የመጀመሪያው ፊልም ተሠራ። በ1966 ደግሞ ሳቶ ሐጂሜ ያዘጋጀው፣ ቺባ ሺኒቺ የተወነበት የቶኤይ ኩባንያ ፊልም ወጣ። ከ1967 እስከ 1968 ባሉት ወራት 52 ክፍሎች ያሉት የካርቱን ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በሥዕሉ ሥራ ላይ በሴኡል የሚገኙ ኮርያውያን ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ካርቱኑ ወደ ኢጣልያ ሲሄድ «ፋንታማን»፣ ወደ ላቲን አሜሪካ ሲሄድ «ፋንታስማጎሪኮ» ተባለ። በየአገሩ ስሙ ስለተለዋወጠ በካርቱኑ ያደጉ ልጆች የጀግናውን ትውልድ ማወቅ አልቻሉም። የሚያስገርመው ደግሞ ቴሌቪዥን በ1953 በጃፓን ሥርጭት ሲጀምር «የኤሌክትሪክ ካሚሺባይ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ይኸው መሣሪያ ልጆችን ከጎዳና ወደ ቤት ስቦ የካሚሺባይን ገበያ አዳከመ፤ ከካሚሺባይ የተወለደውን ጀግና ግን ባሕር አሻገረው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀዳሚነት ተጽዕኖ ማለት አይደለም። ወርቃማው ቀድሞ በመገኘቱ ብቻ የሱፐርማን ፈጣሪዎች ከእርሱ ቀድተዋል ማለት አይቻልም። ሁለቱ የበቀሉት በየራሳቸው ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ርካሽ መዝናኛና ብርቱ አዳኝ የሚናፍቁ ልጆች ግን በሁለቱም አገር ነበሩ።

ለማጠቃለል፣ የወርቃማው የሌሊት ወፍ መዘንጋት ከጥራት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ታሪክን ከማተሚያ ቤት በር የሚጀምር የአጠናን ዘዴ ውጤት ነው። የጎደለው የተሟላው በምስክርነት ነው፤ ካታ ኮጂ በ1971 ስለ ካሚሺባይ ታሪክ መጽሐፍ ባያሳትም ኖሮ ስለ ጎዳናው ዘመን የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ከዚህ ለተማሪዎቻችን የሚተርፍ የአሠራር ትምህርት አለ። ሥነቃል ለመሰብሰብ ሲወጡ የሚነገረውን ቃል ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ፤ ማን ከወነው፣ የት፣ መቼ፣ ለማን፣ ከማንስ ተቀበለው የሚሉትን ጭምር ይመዝግቡ። ቃሉ ወደፊት ሊታተም ይችል ይሆናል፤ ከዋኙን ግን በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።