ሩጫው መቼ ቆመ?

በልጅነቴ ሰፈር ከሁላችን ፈጣኗ እኅቴ ነበረች። ሌባና ፖሊስ ስንጫወት የሚይዛት አልነበረም። ሱዚ ሲዘለልም ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ አንገት እስኪደርስ የምትዘልቅ እሷ ብቻ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን «ከእንግዲህ ልጅ አይደለሽም» ተባለችና ከሜዳ ቀረች። እኔ ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ የጨርቅ ኳስ ሳሳድድ ኖርኩ።

ይህን ያነሣሁት የቤተሰቤን ገመና ላወጣ አይደለም። የልጆች ጨዋታ ታሪክ ሲወሳ የጨዋታዎቹ ስም ይዘረዘራል እንጂ ልጁ በስንት ዓመቱ መጫወት እንዳቆመ ብዙም ሲጠየቅ ስላልሰማሁ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ጥናት አሳትመው ነበር። ገበጣ እንግዲህ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው፤ ለጸሐፊ ይመቻል። የሚሮጥ ልጅ ግን ለብዕር አይቆምም።

እስቲ የገናን ጨዋታ እንውሰድ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ጫፉ በቆለመመ በትር ሩሯን እየመቱ መንደር ከመንደር ይጋጠማል። ለገና የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ጥጃ ጠባቂው ትንሽ ልጅ ከዳር ሆኖ በትሩን ይለማመዳል፤ ጠንከር ብሎ ከብት ሲያግድ ከመሐል ይገባል፤ ጎጆ ከወጣም በኋላ ይጫወታል። በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላም በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደነበር ይነገራል።

ሴት ልጅስ? ወንድሟ ከብት አስከትሎ መስክ ሲወርድ እሷ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። የእኅቴ ደግሞ ጀሪካን ነበር፤ ከቦኖ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን ጠንከር አድርገው እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 146 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው እዚህ ልክ እንደማይደርሱ አሳይቷል። ከሴቶቹ 85፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ መሆኑ ነው። በዚህ ሚዛን እኅቴን ብንመዝናት በደንብ ታልፋለች፤ እንዲያውም ከእኔ ሳትበልጥ አትቀርም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የተነጠቀችው እንቅስቃሴ አልነበረም፤ ጨዋታ ነው። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቃት ኮንዶሚኒየሟ ሄጄ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጇ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ሱዚ ትዘላለች። ሁለተኛ ያዥ ስለጠፋ የላስቲኩን አንድ ጫፍ ከብረት አጥሩ፣ ሌላውን ከእናቷ እግር ላይ አድርጋዋለች። እኅቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አትዘልም፤ ቆማ ትቆጥርላታለች።