የጎብኚ ቪዛና የእናት ሐሳብ፦ አረጋውያን ወላጆችን ወደ አሜሪካ የማስገባት ሕግ ታሪክ

ርእሴ ሲሰማ የታሪክ ክፍል ሳይሆን የጠበቃ ቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በጎብኚ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሄዱ ወላጆች፣ እዚያው እያሉ ልጆቻቸው የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ያስገቡላቸዋል። ከመካከላችን ይህን ያላደረገ ወይም ሲደረግ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህን የሚፈቅደው ሕግ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተፈቀደና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው።

ዛሬ የማነሣው ነጥብ አንድ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለወላጆች ሰፊ በር ከፍቷል፤ ሆኖም ከደጁ ላይ አንድ ጥያቄ አቁሟል፤ «ስትገባ ሐሳብህ ምን ነበር?» የሚል። የበሩ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። በጥያቄው ፊት የቆሙት እናቶችና አባቶች ታሪክ ግን ገና ጸሐፊ ይጠብቃል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1924 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ዓመታዊ ኮታ ወሰነ። ኢትዮጵያ የተሰጣት ዝቅተኛው ቁጥር ነበር፤ በዓመት 100 ሰው። ያ ሕግ ለዜጎች ሚስቶችና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቻቸው ከኮታ ውጪ መግቢያ ሲሰጥ፣ የዜጋን አባትና እናት ግን ከኮታው ሳያወጣ በተራው ብቻ ቅድሚያ ሰጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስተውሉ። ሚስትና ሕፃን ልጅ የቤተሰቡ አካል ሆነው ተቆጠሩ፤ ወላጅ ግን ሰልፍ የሚጠብቅ ዘመድ ሆነ። በእኛ አገር «ቤተሰብ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰቡት ወላጆች ናቸው፤ በዚያ ሕግ ግን ከደጅ ቀርተው ነበር።

ቀጣዩ ምዕራፍ 1952 ነው። በዚያ ዓመት ኮንግሬስ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ አዲስ ሕግ አጸደቀ። ለዛሬው ርእሳችን ከዚህ ሕግ የሚበልጥ የለም፤ ምክንያቱም ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ አንቀጾች በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ለጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር እንደሚሄድ ይገመታል ይላል። ቆንስሉ ፊት የቀረበችው እናት «እመለሳለሁ» ማለቷ ብቻ አይበቃም፤ መመለሷን የሚያሳምን ነገር ማሳየት አለባት። ቤት፣ ጡረታ፣ እዚህ የቀሩ ልጆች። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ አገሩ ሳይመለስ፣ እዚያው ሆኖ ወደ ቋሚ ነዋሪነት እንዲሸጋገር ይፈቅዳል።

ይህ ሁለተኛው አንቀጽ ከባዶ አልመጣም። ከ1935 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት አገር ውስጥ ያለን ሰው ጉዳይ አስቀድመው መርምረው፣ ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከዚያ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ ይዞ እንዲመለስ ያደርጉ ነበር። አሠራሩ ሥርዓት ለማሟላት ብቻ የሚደረግ ጉዞ ነበር። የ1952ቱ ሕግ ይህን ጉዞ ሊያስቀር ሞከረ፤ በ1960 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ተፈትሸው በሕጋዊ መንገድ ለገቡ ሰዎች መንገዱን ይበልጥ አሰፋው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች «ቀዳዳ» የሚሉት ነገር ቀዳዳ አይደለም። ሕግ አውጪዎች አስበውበት፣ ወጪና ድካም ለመቀነስ የሠሩት በር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን አንቀጽ አልሰረዙትም። አንዲት እናት በቆንስላው «እመለሳለሁ» ብላ፣ በስድስተኛው ወር «እቀራለሁ» ብትል፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ልዩነቱን የሚያገኘው ከልቧ ውስጥ ነው።

ወላጆች ከኮታው ሙሉ በሙሉ የወጡት በ1965 በወጣው ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጥቅምት 3 ቀን 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር የፈረሙት ሕግ የዘር ምንጭን የሚመዝነውን ኮታ ሽሮ፣ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ወላጆች ከሚስትና ከልጅ እኩል «የቅርብ ዘመድ» እንዲባሉና የቁጥር ገደብ እንዳይመለከታቸው አደረገ። የሚገርመው ምክንያቱ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ንዑስ ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት የኦሃዮው ማይክል ፌይጋንና ደጋፊዎቻቸው ለዝምድና ቅድሚያ እንዲሰጥ የገፉት፣ በአገሪቱ ያለው ሕዝብ አውሮፓዊ ስለሆነ ዘመዶቹም አውሮፓውያን ይሆናሉ በሚል ስሌት ነበር። ስሌቱ ከሸፈ። በእስያ፣ በላቲን አሜሪካና በአፍሪካ የተወለዱ ዜጎች ወላጆቻቸውን በዚያው በር አስገቡ። አንድን ሕግ አውጪው ባሰበው ብቻ መተርጎም እንደማይቻል ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ ይህን ምሳሌ ሁልጊዜ አነሣለሁ።

ይህ በር ለእኛ ሰዎች መቼ ተከፈተ? በወረቀት ላይ በ1965፤ በተግባር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ። በንጉሡ ዘመን ወደ አሜሪካ የሄዱት ተማሪዎች ባብዛኛው ተምረው የሚመለሱ ስለነበሩ ወላጅ ማስመጣት ጉዳያቸው አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ መመለስ ለብዙዎቹ አስጊ ሆነ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳንና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ያለፉትን ተቀበለ። ሆኖም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ለወላጁ ማመልከት አይችልም፤ ይህ የዜጋ መብት ብቻ ነው። ዜግነት ደግሞ በመደበኛው መንገድ አምስት ዓመት ነዋሪነት ይጠይቃል። በዚህ በኩልም ቢሆን በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ልጅ እዚያ የዜግነት ወረቀት ሲጠብቅ፣ ወላጅ እዚህ የመውጫ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። በሁለቱ መካከል ስንት እናት አልፋለች።

ስለዚህ የወላጆች ዘመን በእኛ ታሪክ ከ1991 በኋላ የመጣ ነው። በ1990 ሕግ የተመሠረተው የዲቪ ዕጣ ያመጣቸው ወጣቶች ከአምስት ዓመት በኋላ ዜጋ ሲሆኑ ቁጥሩ ጨመረ። እናቶች በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ታዩ። የመጡበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነበር፤ ልጃቸው ወልዳለች፣ ሊያርሱ ነው። በሻንጣቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ እህልና የአጥሚት ቅመም ይዘዋል። ለጎብኚ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። አራስ ተጠይቃ፣ ወንዱ በአርባ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ተነሥታ፣ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ፣ ስድስቱ ወር እየተገባደደ ነው። ሕጉ ጉብኝትንና ፍልሰትን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያያል። በቤተሰብ ኑሮ ግን አንዱ ቀስ ብሎ ሌላውን ይሆናል፤ የተቀየረበትን ቀን የሚያውቅ የለም።

ሕጉ ራሱም ይህን በከፊል ተረድቷል። በ1980 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በካቫዞስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የዜጋ የቅርብ ዘመድ የሆነ አመልካች ላይ የሚቀርበው ብቸኛ እንከን አስቀድሞ የመቅረት ሐሳብ ነበረው የሚል ከሆነ፣ ማመልከቻው በተለመደው ሁኔታ ሊፈቀድ ይገባል አለ። ይህ ግን ሐሰት ለተናገረ ሰው የተሰጠ ምሕረት አይደለም። ሐሳብን መለወጥ ሌላ፣ ባለሥልጣንን ማታለል ሌላ ነው። ልዩነቱ በ1996 እጅግ ከበደ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ፣ በማታለል የገባ ሰው ይቅርታ ለማግኘት የሚቆጠርለትን ዘመድ ወደ ባልና ሚስት ወይም ወላጅ አጠበበው፤ የልጅ ችግር ከዚያ ወዲህ አይቆጠርም። ማለትም እናት ያመለከተላት ልጅ ራሱ በመለየቷ የሚደርስበትን ጉዳት ቢያስረዳ ሰሚ የለውም። አብዛኞቹ እናቶቻችን ባሎቻቸውን የቀበሩ፣ ወላጆቻቸው ከሞቱ የቆዩ ናቸው። «ትንሽ ውሸት ምን አላት» የሚል ምክር የሚሰጡ ዘመዶች ይህን አያውቁም።

በዚያው ዓመት ሸክሙ ወደ ልጅ ኪስም ዞረ። የድጋፍ ቃል መግቢያው በፍርድ ቤት የሚያስገድድ ውል ሆነ፤ ልጁ ቤተሰቡን ከድህነት መስመር በ125 በመቶ ደረጃ ማኖር የሚችል ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት። አዲስ የሚመጡ ቋሚ ነዋሪዎች ከአብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ለአምስት ዓመት ታገዱ። «ወላጅን መጦር» በእኛ ዘንድ የነበረ ግዴታ ነው፤ እዚያ ግን ፊርማ፣ የግብር ወረቀትና የገቢ ስሌት ሆነ።

አሁን የራሴን ልናገር። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ራሱ ሲናገር መጠንቀቅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የምናገረው በየትኛውም መዝገብ ቤት ስለማይገኝ ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዘንድ የመጣችው የልጅ ልጇን ለማየት ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ ስትጠየቅ «ክርስትና እስኪነሣ» አለች፤ እውነቷን ነበር። ቤቷን፣ ሰንበቴዋን፣ እድሯን ትታ የምትቀር ሴት አልነበረችም። በአምስተኛው ወር ግን ሐኪም የልብ ሕመም እንዳለባት ነገረን፤ እዚህ አብራት ትኖር የነበረችው እኅቴም ሥራ አግኝታ ክፍለ ሀገር ወረደች። ተመካከርን፤ እናቴም ከብዙ ዝምታ በኋላ «እንግዲህ እንደ ፈቃዳችሁ» አለች። የዝምድና ማመልከቻውን፣ የነዋሪነት ማመልከቻውንና የድጋፍ ቃሌን በአንድ ላይ አስገባሁ።

በሦስተኛው ወር የእናቴ ታናሽ ወንድም ሞተ። ማመልከቻ ያስገባ ሰው አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳይቀበል ከአገር ቢወጣ፣ ማመልከቻውን እንደ ተወው ይቆጠራል። ፈቃዱ ተጠይቋል፤ አልደረሰም። ብንነግራት በዚያው ቀን እንደምትሄድ እናውቃለን። ከሄደች ደግሞ ሕክምናዋም፣ ምናልባትም ሁለተኛ የመምጣት ዕድሏም ይቀራል። ስለዚህ ደበቅናት። አምስት ሳምንት ሙሉ ስልኳን እየጠበቅን፣ የሚጠይቋትን እያስጠነቀቅን፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ ቤት እንዳይገባ እየተከላከልን ኖርን። ፈቃዱ በደረሰ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጠርተን አረዳናት። እንባዋን ከጠረገች በኋላ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ «ለወረቀት ብላችሁ ነው ወንድሜን የደበቃችሁኝ?» ለአርባው ደረሰች። ለቀብሩ ግን አልነበረችም።

ሕጉ ደብቁ አላለንም፤ የደበቅነው እኛ ነን። መርዶን ቀን መርጦ መንገር ባህላችን ቢሆንም፣ ቀኑን የመረጠልን ግን የፖስታ ሣጥኑ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገላት ቃለ መጠይቅ መርማሪው «ስትመጪ ሐሳብሽ ምን ነበር?» ሲላት፣ «ሰው ያስባል፤ የሚሆነው እግዚአብሔር ያለው ነው» ብላ መለሰች። አስተርጓሚው ለአፍታ ዝም አለ። ካርዱን ሰጧት። ለጥቂት ዓመታት ስትመላለስበት ኖራ፣ በመጨረሻ እዚሁ አገሯ ዐረፈች።

በ2017 ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ሴናተር ኮተንና ሴናተር ፐርዱ፣ ወላጆችን ከ«የቅርብ ዘመድ» አውጥቶ አምስት አምስት ዓመት የሚታደስ፣ ሥራ የማይፈቅድ ጊዜያዊ ቪዛ ብቻ የሚሰጥ ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ አልጸደቀም። ከታሪክ አንጻር ሲታይ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ወላጅን ከ1965 በፊት ወደ ነበረበት ደጅ የሚመልስ፣ እናትን እስከ ዕለተ ሞቷ እንግዳ የሚያደርግ ሐሳብ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ ኢትዮጵያውያን ፍልሰት የተጻፈውን ስታነቡ ተማሪውን፣ ስደተኛውን፣ የዲቪ ዕጣ የደረሰውን ታገኛላችሁ። ወላጁን የምታገኙት በሠንጠረዥ ውስጥ በቁጥር ብቻ ነው። የእናቴ ፋይል ፎቶግራፏን፣ የሐኪም ማስረጃዋንና የእኔን የግብር ወረቀት ይዟል፤ እነዚያን አምስት ሳምንታት አልያዘም። ተመላልሰው የኖሩት፣ ካርዳቸውን መልሰው የመጡት፣ እዚያ የቀሩት አረጋውያን ግን ዛሬም በየቤታችሁ፣ በየሰፈራችሁ አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ መቅጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ «ሐሳብዎ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ጥያቄው የባለሥልጣን ሲሆን የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው። የልጅ ሲሆን ግን መልሱ ቀን ሙሉ ይወስዳል። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።