ከዛፍ መውደቅና የአከርካሪ ስብራት፦ በጅማ የቡና ወረዳዎች ያልተቆጠረ የሕዝብ ጤና ሸክም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውደቅ አደጋ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለ መውደቅ የሚጻፈው መመሪያ ግን በአብዛኛው አጥንታቸው የሳሳ፣ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው የሚወድቁ አረጋውያንን የሚያስብ ነው። በጅማ ዞን በጎማ፣ በማና፣ በገራና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ከፍታ የሥራ ቦታ ነው። ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ይመለመላሉ፤ ማንጎና አቮካዶ ዛፍ ላይ ተወጥቶ ይለቀማል፤ ባህላዊው ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩም ብዙውን ጊዜ በጨለማ ይቆረጣል። በጅማና በአጋሮ ከተሞች ደግሞ የግንባታ የቀን ሠራተኛው ከባሕር ዛፍ አጣና በታሰረ መወጣጫ ላይ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ከመውደቅ የሚመጣው የአከርካሪ ስብራት ከእርጅና ሕመም ይልቅ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ሊታይ ይገባል፤ መከላከሉም ከዛፉ ሥር መጀመር አለበት።

የጉዳቱ አካሄድ ይህን አመለካከት ያጠናክራል። ከከፍታ የወደቀ ሰው በእግሩ ወይም በመቀመጫው ሲያርፍ የምቱ ኃይል ወደ ላይ ይወጣና ብዙውን ጊዜ የደረት አከርካሪ አልቆ የወገብ አከርካሪ በሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። እዚያ ያለው አንጓ ሲፈረካከስ ስባሪው ወደ ኋላ ተገፍቶ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወት ከሁለቱ እግሮች መዛል የሰፋ ነው፤ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ያቅታል፣ የአልጋ ቁስል ይከተላል፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይመላለሳል። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ያለ ዕድሜው የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 5 እጥፍ እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ለሞት የሚያበቃውም ደግሞ በአብዛኛው መከላከል የሚቻለው ይኸው ቁስልና ኢንፌክሽን ነው። ዛፍ የሚወጣው በጉልበቱ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በመሆኑ ጉዳቱ የቤቱን ገቢ ያቋርጣል፤ ሚስት፣ እናት ወይም ልጅም ሥራና ትምህርት ትተው አስታማሚ ይሆናሉ። ይህ ሁለተኛው ኪሳራ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በርግጥ ወባ፣ የእናቶች ሞትና የሕፃናት ምግብ እጥረት ባሉበት ስለ አከርካሪ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። የታካሚው ቁጥር ትንሽ ነው የሚለው ግምት ግን ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ የሚነሳ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሰፊው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብ ዋናው የሪፈራል ተቋም ነው፤ ከጫካ ቀበሌ ወድቆ እዚያ ሳይደርስ የሞተ፣ ወይም ወጌሻ ታይቶ ቤቱ የቀረ ሰው በቁጥሩ ውስጥ የለም። በመንገድ ትራፊክ አደጋ የሚጎዳው ቢያንስ ፖሊስ ይመዘግበዋል፤ ከዛፍ የወደቀውን የሚመዘግብ አካል የለም። ከዚህም በላይ መከላከያው ውድ አይደለም። በጠንካራ ገመድ ራስን ከግንዱ ጋር ማሰር፣ ከታች በረጅም ዘንግ መልቀም፣ ቀፎውን ከመሬት ብዙም ከፍ በማይል መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የጫካው ማር ከከፍታው አይለይም የሚለው የንብ አናቢዎች መከራከሪያ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ከመቆረጥ ይድናልና። ነገር ግን ቀፎው ዛፍ ላይ መቅረቱ ሰውየው ያለ ገመድ እንዲወጣ አያስገድድም።

የሕግ ክፍተትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ደኅንነትን አሠሪ ላለው ሠራተኛ ይደነግጋል፤ የራሱን ማሳ የሚመለምል ገበሬ ግን አሠሪ የለውም። በ2003 ዓ.ም. ሊሙ ኮሳን ጨምሮ በተመረጡ ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሕክምና ወጪን ያቃልላል፣ የጠፋን ጉልበት ግን አይተካም። ስለዚህ ለገበሬው የሚቀርቡት የጤናና የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳን ምልክትና የወባን አጎበር ያስተማረ መዋቅር የዛፍ ላይ ሥራን ጥንቃቄ ማስተማር አያቅተውም።

ከሁሉ አስቸኳዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ናቸው። የተሰበረ አከርካሪ ያለበት ሰው በጀርባ ታዝሎ ወይም ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ ሲጓዝ፣ ያልተጎዳው ኅብለ ሰረሰር በመንገድ ላይ ሊጎዳ ይችላል። በየቀበሌው በሽተኛን በቃሬዛ የሚሸከም ዕድርና ጎረቤት አለ፤ የሚጎድለው ወገብና አንገትን ሳያጣምሙ፣ በብዙ እጅ በአንድ ጊዜ አንስቶ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ የማስተኛት ዕውቀት ነው። ወጌሻንም ከማውገዝ ይልቅ የጀርባ ጉዳትን እንዳያሽና እንዳይጎትት፣ ወዲያውኑም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማሠልጠን ይበጃል፤ ሕዝቡ ቀድሞ የሚጠራው እሱን ነውና። የቀዶ ሕክምና ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪምና የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት በጅማ መስፋፋት አለባቸው። ሐኪሙ ግን በመንገድ ላይ የተቆረጠን ኅብለ ሰረሰር መልሶ አይቀጥልም። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ከመጪው የቡና ለቀማ ወቅት በፊት ሁለት ነገር ያድርግ፦ በየጤና ኬላው ጠንካራ ቃሬዛ ያስቀምጥ፣ «ከዛፍ መውደቅ» የሚለውንም የጉዳት ምክንያት በመዝገቡ ላይ ለብቻው ያስቆጥር።