ቁጠባ በትዳር ጓደኛ ስም፦ የእንግሊዝ አገር የወለድ ግብር እንዴት ይታሰባል?

እንግሊዝ አገር የምንኖር ብዙ ሐበሾች የቤተሰቡን ቁጠባ የተሻለ ደመወዝ በሚያገኘው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም በባልየው ስም እናስቀምጣለን። በግብር በኩል ሲታይ ግን ብዙ የሚያስከፍለው ይኸው መንገድ ነው። ሕጉ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ እስከ 1990 ድረስ የሚስት ገቢ ለግብር ሲባል እንደ ባሏ ገቢ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ወዲህ ባልም ሚስትም በየራሳቸው ገቢ ለየብቻ ይከፍላሉ። ነገሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በ2025/26 የግብር ዓመት እያንዳንዱ ሰው የሚከተሉት መብቶች አሉት፦

1. የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ገቢ ግብር የለበትም።

2. ደመወዙ ወይም ጡረታው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ተጨማሪ 5,000 ፓውንድ ወለድ ነፃ ነው። ደመወዙ ከ12,570 ባለፈ ቁጥር ይህ መብት በዚያው ልክ ይቀንስና 17,570 ላይ ያልቃል።

3. ከ2016 ጀምሮ 20 በመቶ ለሚከፍል ሰው 1,000 ፓውንድ፣ 40 በመቶ ለሚከፍል 500 ፓውንድ ወለድ ነፃ ሲሆን፣ 45 በመቶ ለሚከፍል ምንም የለም።

በምሳሌ እንየው። ባል በዓመት 55,000 ፓውንድ፣ ሚስት በትርፍ ሰዓት ሥራ 10,000 ፓውንድ ያገኛሉ እንበል። ቁጠባቸው 40,000 ፓውንድ፣ ወለዱ 4 በመቶ፣ ማለትም 1,600 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ በባል ስም ከሆነ 500 ተቀንሶ በቀሪው 1,100 ላይ 40 በመቶ፣ ማለትም 440 ፓውንድ ይከፈላል። በሚስት ስም ከሆነ ግን ምንም አይከፈልም። የጋራ ሂሳብ ከሆነ፣ አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ወለዱን እኩል እንደተካፈሉ ስለሚቆጠር፣ በባል ድርሻ ላይ የሚመጣው 120 ፓውንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስጦታው እውነተኛ መሆን አለበት። ገንዘቡ በስሟ ገብቶ ወለዱ ተመልሶ ለባል የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም «በስምሽ ይሁን እንጂ የኔ ነው» የሚል ስምምነት ካለ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ወለዱን የባል ገቢ አድርጎ ሊያስከፍለው ይችላል። የሰጠኸው የሷ ነው፤ ታዝበታለች፣ ለእናቷ ልትልከውም ትችላለች። እኔ ይህን ለሚጠይቁኝ ሁሉ መጀመሪያ የምላቸው ስለ 440 ፓውንዱ ሳይሆን ስለዚህ ነው። ይህን ከልቡ የማይቀበል ሰው ግብሩን ቢከፍል ይሻለዋል።

ሌሎች መታወስ ያለባቸው ነጥቦችም አሉ። ወላጅ ለልጁ የሰጠው ገንዘብ በዓመት ከ100 ፓውንድ በላይ ወለድ ካስገኘና ልጁ ከ18 ዓመት በታች ያላገባ ከሆነ፣ ወለዱ በሙሉ እንደ ወላጁ ገቢ ይታሰባል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለሚቀበሉ ባለትዳሮች ደግሞ የሁለቱም ቁጠባ ስለሚደመር፣ ስም መቀየር ምንም አይጠቅምም፤ ድምሩ ከ16,000 ፓውንድ ካለፈ ድጎማው ይቀራል። በሌላ በኩል አይሳ የሚባለውን ሂሳብ ሁለታችሁም በየስማችሁ ብትከፍቱ ወለዱ ጨርሶ ግብር የለበትም።

ይህ ዘዴ በየአገሩ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ባልና ሚስት የግብር ማስታወቂያቸውን በጋራ ካቀረቡ ገቢያቸው ስለሚደመር የስሙ ጉዳይ ለውጥ አያመጣም። በጀርመንም በጋራ ለሚታሰቡ ባለትዳሮች ከ2023 ጀምሮ ነፃ የሆነው 2,000 ዩሮ ለሁለቱ በአንድነት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ በግለሰብ የቁጠባ ወለድ ላይ ግብር አይጥሉም።

ስለዚህ ለእንግሊዝ ነዋሪዎች ምክሬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያም የሁለታችሁን ደመወዝና ወለድ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስሉ፤ ባንክ ቤት መሄድ የመጨረሻው ነው።