የንግድ ውድድር ሕግ

የንግድ ውድድር ሕግ ነጋዴዎች ለገዢ እንዲፎካከሩ የሚያስገድድ፣ ፉክክሩን የሚገድል አካሄድንም የሚከለክል የሕግ ዘርፍ ነው። አሜሪካውያን «ፀረ ትረስት» ይሉታል፤ «ትረስት» የሚሉት በአንድ አመራር ሥር የተሰባሰቡ ድርጅቶችን ነው። በአብዛኛው ሦስት ጉዳዮችን ይመለከታል፦ ተፎካካሪዎች ተመሳጥረው ዋጋ መወሰናቸውን (ካርቴል)፣ ገበያውን የተቆጣጠረ ድርጅት የበላይነቱን አላግባብ መጠቀሙን እና የድርጅቶችን ውህደት። በብዙ አገሮች ትልቅ መሆን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ክልከላዎቹ አጫጭር፣ ለማንበብም ቀላል ናቸው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው።

የመነሻው ክርክር

ሕጉ ከየት እንደተነሣ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አብዛኞቹ የመማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1890 ከፈረሙት የአሜሪካው የሸርማን ሕግ ነው። ካናዳውያን ግን ክላርክ ዋላስ የተባሉ የፓርላማ አባል ያቀረቡት ሕጋቸው በ1889 በመጽደቁ ቀዳሚነቱ የእኛ ነው ይላሉ። ካንሳስን የመሰሉ የአሜሪካ ግዛቶችም በዚያው ዓመት የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ነበር። በቀን ከተቆጠረ እንግዲህ ሸርማን ቀዳሚ ሊባል አይችልም።

ሌሎች ደግሞ እጅግ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ «ሄኖቲኮን» በተባለው የአንድነት ደብዳቤ የሚታወቀው የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዘኖን፣ በ483 ሞኖፖሊን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥቷል። ዐዋጁ በኋላ በዩስጢንያኖስ የሕግ ስብስብ ውስጥ ስለገባ ዛሬም ይነበባል፤ ዝርዝሩም ያስገርማል። ማንም ሰው በልብስ፣ በዓሣ ወይም በሌላ ሸቀጥ ላይ ብቸኛ ሻጭ እንዳይሆን፣ የንጉሡን የራሱን ፈቃድ ይዞ ቢመጣም ፈቃዱ እንዳይሠራለት ያዝዛል። ነጋዴዎች ተሰብስበው «ከዚህ ዋጋ በታች አንሸጥም» ብለው መማማልም ተከልክለዋል። ግንበኞችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ሳይቀሩ፣ አንዱ ጀምሮ የተወውን ሥራ ሌላው እንዳይጨርስ የሚያደርጉት ስምምነት ፈርሷል። ሞኖፖሊ የያዘ ሰው ንብረቱ ይወረሳል፤ እሱም ለዘለቄታው ይሰደዳል። ስምምነቱን ባልተዉ የሙያ ማኅበራት አለቆች ላይ ደግሞ የ40 ፓውንድ ወርቅ ቅጣት ተጥሏል። ከዛሬው ሕግ ጋር ሲተያይ የጎደለው እንዴት ይመረመራል የሚለው ይመስላል።

እንግሊዞች በበኩላቸው የ1602ቱን የመጫወቻ ካርታ ክርክርና የ1624ቱን የሞኖፖሊ ሕግ ያነሣሉ። የመጀመሪያው የዘመኑ ንግሥት ለአንድ ሰው የሰጠችውን ካርታ የመሸጥ ብቸኛ መብት ውድቅ ያደረገ ፍርድ ነው።

የሸርማን ሕግ ክብር ያገኘው ከቀኑ ይልቅ በፍርድ ቤቶች ደጋግመው ስለተከራከሩበት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አጀማመሩ ግን አላማረም። በ1895 መንግሥት የአገሪቱን የስኳር ማጣሪያ 98 በመቶ ያህል በያዘው የስኳር ትረስት ላይ ያቀረበው ክስ ውድቅ ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማምረት ንግድ አይደለም አለ። ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በ1911 የሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ ስታንዳርድ ኦይል ለ34 ድርጅቶች እንዲከፋፈል ተወሰነ። ኤክሶን፣ ሞቢልና ሼቭሮን የዚያ ክፍፍል ልጆች ናቸው።

ገበያው የት ነው?

አንድ ድርጅት ገበያውን ተቆጣጥሯል ከማለት በፊት የትኛውን ገበያ የሚለው መመለስ አለበት። የተለመደው መፈተኛ፣ የዕቃው ብቸኛ ሻጭ ዋጋውን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር ገዢው ወደ ሌላ ዕቃ ይሸሻል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ከሸሸ የሸሹበት ዕቃም የገበያው አካል ይሆናል።

ይህ ነገር የቱን ያህል እንደሚያከራክር የቺኪታ ሙዝ ሻጭ የነበረው ዩናይትድ ብራንድስ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ኩባንያው ሙዝ ከፖምም ከብርቱካንም ከወይንም ጋር ስለሚወዳደር ገበያው የፍራፍሬ ገበያ ነው ብሎ ተከራከረ። ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1978 አልተቀበለውም። ሙዝ ለስላሳ ነው፣ ዘር የለውም፣ ለመላጥ ቀላል ነው፣ ዓመቱን ሙሉም ይገኛል፤ ሕፃናት፣ አዛውንትና ሕመምተኞች በሌላ ፍራፍሬ በቀላሉ አይተኩትም ተባለ። ሙዝ ለብቻው ገበያ ሲሆን ከ40 እስከ 45 በመቶ ድርሻ የነበረው ኩባንያ የበላይ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ኩባንያው ያለ ልክ አስወድዷል የሚለው ክስ በማስረጃ ጉድለት ወድቆ ቅጣቱም ተቀነሰ።

የዳቦው ካርቴል

ካርቴል ውል አይጽፍም፤ ቢጽፍም ማኅደር ውስጥ አያስቀምጠውም። ስለዚህ የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው።

በታኅሣሥ 2006 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ የምዕራብ ኬፕ ግዛት ሦስት ትልልቅ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ፕሪሚየር፣ ታይገር ብራንድስና ፓዮኒር፣ የዳቦ ዋጋ በአንድ ሰሞን ጨመሩ፤ ለአከፋፋዮች ይሰጡ የነበረውን ቅናሽም ቆረጡ። አከፋፋዩ ዳቦውን በየመንደሩ ሱቅ የሚያደርስና በቅናሹ የሚኖር ሰው ነው። አንዱን ጋጋሪ ቢያኮርፍ ወደ ሌላው መሄድ ይችል ነበር። አሁን የትም ቢሄድ ያው ሆነበት። አከፋፋዮቹ ለአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን አቤት አሉ።

ምርመራው ሲጀመር ፕሪሚየር ቀድሞ ገብቶ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። የደቡብ አፍሪካ አሠራር ቀድሞ ለሚናዘዝ የካርቴል አባል የቅጣት ምሕረት ይሰጣል፤ ሁለተኛ የመጣ ያንን ዕድል አያገኝም፤ ጥርጣሬ ከተፈጠረ በኋላ ወዳጅነቱ የሚፈርሰውም በዚህ ነው። ታይገር ብራንድስ በ2007 በስምምነት 98.8 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ከፈለ። እስከ መጨረሻው የተከራከረው ፓዮኒር በ2010 195.7 ሚሊዮን ራንድ ተፈረደበት። ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ ሸማቾችና አከፋፋዮች በቡድን ካሣ የመጠየቅ መብታቸውን ይዘው እስከ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚውና እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዘለቁ።

በኢትዮጵያ

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሞኖፖሊ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ «ትምባሆ ሞኖፖል» ነበረው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንዱ ነጋዴ የሌላውን ስምና ደንበኛ በማታለል እንዳይወስድ ይከለክል ነበር እንጂ ካርቴልን የሚመለከት የተደራጀ ሕግ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ገበሬው እህሉን መንግሥት በተመነለት ዋጋ ለመንግሥት ኮርፖሬሽን ያቀርባል፤ ከተሜው በቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል፤ ውድድር የሚባል ጥያቄ አይነሣም።

የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ሕግ የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 ነው። መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የኮሚሽኑ ውሳኔ ግን የሚኒስትሩን ይሁንታ ይጠብቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 685/2002 የሸማቾች ጥበቃን ጨመረ፤ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ዋጋ ለመወሰንም በር ከፈተ። በ2003 ዓ.ም. ከስኳርና ዘይት እስከ ሥጋና ቢራ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፤ በወራት ውስጥም ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ፉክክር ዋጋን እንዲወስን የወጣ ሕግ ዋጋን ለመተመን መዋሉ አሁንም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ሦስተኛው፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን፣ ፀረ ውድድር ስምምነትን፣ ውህደትንና ያልተገባ የንግድ ውድድርን በየአንቀጹ ለያይቶ ያስቀምጣል። ቅጣቱ ከዓመታዊ ሽያጭ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አዋጁ የበላይነትን በመቶኛ አልወሰነም፤ ዋጋን ወይም ሌላ የንግድ ሁኔታን የመቆጣጠር አቅምን ያያል። በጥናቶች ላይ የሚጠቀሱት የኢትዮጵያ መዝገቦች በአብዛኛው የንግድ ምልክት ማስመሰልን በመሰሉ ያልተገባ ውድድር ክሶች ላይ ያተኮሩ ይመስላሉ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ የተመሰለው ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ ይችላል፣ ተበዳዩም ራሱ ከሳሽ ሆኖ ይመጣል።

አዋጁን ያስፈጽም የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ትምህርቱ

የንግድ ውድድር ሕግ ትምህርት በሕግና በኢኮኖሚክስ መካከል ያለ ነው። የሕግ ተማሪ የዋጋ ሰንጠረዥ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብ ይለምዳል።

ኮሜሳ

መቀመጫው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ የሆነው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) የውድድር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ሥራ ጀምሯል። ኢትዮጵያ አባል በመሆኗ፣ ከአንድ በላይ አባል አገር የሚነካ ውህደት የሚያቅድ ኩባንያ ሊሎንግዌንም ማሰብ ይኖርበታል።