በጌዴኦ ዋንዛን በልክ የመያዝ ጥበብ

ጃፓናውያን ዛፍን በሸክላ ሳሕን አሳንሰው ማሳደግን ከጥበባት ይቈጥሩታል። የጌዴኦ ገበሬ ግን፣ እንደ እኔ ግምት ከዚያ በማያንስ ጥበብ፣ ዋንዛውንና ብርብራውን የሚመለምለው ከሥር ላሉት ቡናና እንሰት ብርሃን ለማደል ነው፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ቅርንጫፉም ለማገዶ ይውላል።

ለዓመታት የሚጠበቅ ዛፍ የመሬት ዋስትና ይሻል። በባለ ርስት ሥር የነበረው ጭሰኛ በቡናው ድርሻ ተማርሮ በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ ዐመፀ፤ ዐመፁም በኀይል ታፈነ። መሬቱ ከባለ ርስቱ እጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሆኖም በዲላና በወናጎ ዙሪያ ጥላ የማይሻው ጫት ቦታ እየያዘ በሄደ ቁጥር፣ ዋንዛው ከየማሳው እየተቈረጠ ነው።